ጭስ ሲጓጉል፦ የሲሊካ ፉዩም የሥራ ማስታወሻ

ህዳር 1፣ ሰኞ

ከዛሬ ጀምሮ በየቀኑ ባይሆንም ሥራውን በነካሁ ቁጥር እጽፋለሁ፣ የገጠመኝን ካልጻፍኩት ከሁለት ወር በኋላ ያንኑ ስህተት እንደምደግመው አውቃለሁ። ወርክሾፓችን ከቸርችል ጎዳና ገባ ብሎ ያለ ጠባብ ግቢ ውስጥ ነው፣ የምንሠራው ቴራዞ ነው፣ በሲሚንቶ የተያያዘ የማርብል ጠጠር ፊቱ ተለስልሶ፦ የደረጃ መርገጫ፣ የመስኮት ደፍ፣ አንዳንዴ የኪችን ጠረጴዛ። አሁን የያዝነው ፒያሳ አካባቢ ያለ የድሮ ፎቅ ቤት ደረጃ ነው፣ 38 መርገጫ፣ ውፍረቱ 3 ሳንቲም ብቻ። አሮጌዎቹ መሐላቸው በእግር ብዛት ተበልቶ ጎድጉዷል፣ ሁለት ሦስቱም ተሰንጥቀዋል። የቤቱ ባለቤት ትልቅ ሴት ናቸው፣ ቀብድ ሲሰጡኝ "የኔ ልጅ፣ እኔ እንኳ ብችለው የልጅ ልጆቼን እንዳያደናቅፍ አድርገህ ሥራልኝ" አሉኝ፣ ስለዚህ ነው ስስ ሆኖ ጠንካራ እንዲሆን ሲሊካ ፉዩም የሚባለውን ደቃቅ ዱቄት ለመጨመር የወሰንኩት፣ ከሲሚንቶው ክብደት 10 በመቶ።

የመጀመሪያዎቹን ስድስት ካስት አድርገን (ቅርጽ ውስጥ ሞልተን) አምስት ቀን በእርጥብ ጆንያ ከሸፈንናቸው በኋላ ዛሬ ጠዋት ውሃ እያፈሰስን በግራይንደር ስናለሰልስ ረዳቴ ቀና ብሎ "ጋሼ ይሄ ምንድነው?" አለኝ። ነጣ ያለው ግራጫ ፊት ላይ ጥቁር ጤፍ የተበተነበት ይመስላል። መጀመሪያ የድንጋዩ ነው ብዬ ነበር፣ ግን የምንጠቀመው ነጭ የማርብል ጠጠር ነው። መርፌ አምጥቼ አንዷን ነጥብ ስነካት ገባ! ድንጋይ ብትሆን አትገባም። በመርፌው ጫፍ ስቆፍራት ደረቅ ግራጫ ዱቄት ወጣ፣ ቦታው ላይ ትንሽ ጉድጓድ ቀረ። ዱቄቱን በጣቴ ሳሸው የቅባት ያህል ለሰለሰና የጣቴ መስመር ውስጥ ገባ። ሲሊካ ፉዩሙ ነው፣ ሳይሟሟ፣ ሳይበተን፣ እንደገባ የቀረ።

10 በ10 ሳንቲም አራት ማዕዘን በእርሳስ አሰመርኩና ቆጠርን፦ 43 ነጥብ። ስድስቱም እንደዛው ናቸው። ለቤቱ ባለቤት ለእትዬ ደውዬ ሥራው እንደሚዘገይ ነገርኳቸው፣ "ደህና አርገህ ከሆነ ዘግይ" አሉኝ።

ህዳር 3፣ ረቡዕ

ሁለት ማታ ሳነብ አመሸሁ። ይሄን ዱቄት ለሁለት ዓመት ስጠቀም ምን እንደሆነ በደንብ ሳላውቀው ነው የኖርኩት ማለት ይቻላል፣ "በጣም ደቃቅ ነው፣ ኮንክሪት ያጠነክራል" ከሚለው በላይ አላውቅም ነበር።

ነገርየው ሲወለድ ጭስ ነው። ሲሊከን ወይም ፌሮሲሊከን የሚያቀልጥ ፋብሪካ ውስጥ ትልቅ የኤሌክትሪክ ምድጃ አለ፣ ወፋፍራም የካርቦን ኤሌክትሮዶች ከላይ ወደ ክምሩ ይገባሉ፣ ክምሩ ኳርትዝ ድንጋይ፣ ኮክ የሚባለው የተጠበሰ የድንጋይ ከሰል፣ ከሰልና የእንጨት ስንጣሪ ነው፣ ለፌሮሲሊከን ደግሞ ብረት ይጨመርበታል። ኤሌክትሮዶቹ ጫፍ አካባቢ ሙቀቱ ወደ 2,000 ዲግሪ ይደርሳል። ካርቦኑ የኳርትዙን ኦክስጅን ይነጥቃል፣ ሲሊከኑ ቀልጦ ከታች ይጠራቀማል፣ ግን ሁሉም አይደርስም፣ የተወሰነው መንገድ ላይ ሲሊከን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ሆኖ ክምሩን ጥሶ ወደ ላይ ያመልጣል። ከአየር ጋር እንደተገናኘ ተቃጥሎ ሲሊካ ይሆናል፣ ወዲያው ደግሞ ይቀዘቅዛል፣ ክሪስታል ለመደርደር ጊዜ ስለማያገኝ እንደ መስታወት ውስጡ ያልተደረደረ ድቡልቡል ኳስ ሆኖ ይቀራል። በጣም በጣም ትንሽ ኳስ።

ምን ያህል ትንሽ? አማካዩ 0.15 ማይክሮን አካባቢ ነው (አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው)፣ ማለትም 150 ናኖሜትር፣ ከመቶ 95 የሚሆነው ከ1 ማይክሮን በታች ነው። የሲሚንቶ ቅንጣት በአማካይ 15 ማይክሮን ብንለው መቶ እጥፍ ይበልጠዋል ማለት ነው፣ በዲያሜትር መቶ እጥፍ ከሆነ በይዘት ሚሊዮን እጥፍ ነው። እኔ በምጨምረው 10 በመቶ ሂሳቡን ስሠራው ለአንድ የሲሚንቶ ቅንጣት ከ100,000 በላይ የፉዩም ኳስ ይደርሰዋል። የሲጋራ ጭስ ቅንጣት ራሱ በዚህ መጠን አካባቢ ነው።

አንዱን ቁጥር ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት፦ የአንድ ግራም ፉዩም የቅንጣቶቹ ገጽ ሁሉ ተዘርግቶ ቢለካ ከ15 እስከ 30 ካሬ ሜትር ነው። አንድ ግራም! የሻይ ማንኪያ ግማሽ የማይሞላ ዱቄት፣ 4 በ5 የሆነ ሳሎን ወለል ይሸፍናል። የሲሚንቶ አንድ ግራም ግማሽ ካሬ እንኳ አይሞላም። ሲሚንቶ የሚለካበት አየር በዱቄቱ ውስጥ የማሳለፍ ዘዴ ለዚህ አይሠራም፣ ናይትሮጅን ጋዝ ገጹ ላይ እንዲለጠፍ አድርገው ነው የሚለኩት።

ጥቅሙም ከዚሁ የሚመጣ ነው። ሲሚንቶ ከውሃ ጋር ሲሠራ ኖራ ይለቃል፣ ያ ኖራ ብቻውን ደካማ ነው፣ ፉዩሙ ያንን ኖራ ይዞ ወደ ዋናው ማጣበቂያ ይለውጠዋል፣ በዛ ላይ በሲሚንቶ ቅንጣቶችና በጠጠሩ መሐል ያለችውን ክፍተት ይሞላል። የቡርጅ ካሊፋ መሠረት ውስጥ ያሉት ምሰሶዎች ኮንክሪት 7 በመቶ ሲሊካ ፉዩም አለበት። ድሮ ግን ይሄ ሁሉ በጭስ ማውጫ ወደ ሰማይ ነበር የሚለቀቀው፣ ኖርዌይ ውስጥ በ1952 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ኮንክሪት ውስጥ ተሞክሯል፣ በብዛት በከረጢት ማጣሪያ መሰብሰብ የተጀመረው ግን በ1970ዎቹ የአየር ብክለት ሕጉ ሲጠብቅ ነው። ሰው እንዳይታፈን የያዙት ጭስ ነው ዛሬ በገንዘብ የምንገዛው።

ታዲያ 0.15 ማይክሮን የሆነ ነገር እንዴት ብሎ ነው የጤፍ ፍሬ የሚያህል ነጥብ የሆነብኝ? ጤፍ አንድ ሚሊ ገደማ ነው። ከስድስት ሺህ እጥፍ በላይ ልዩነት።

ህዳር 5፣ ዓርብ

ዛሬ ቀላሏን ነገር ሠራሁ፣ ክብደት። ልክ አንድ ሊትር የሚይዝ ጣሳ አለን፣ ሳልጠቀጥቅ ሞላሁት፣ አፉን በማስመሪያ ጠረግኩና መዘንኩ፦ 640 ግራም።

ይቺ ቁጥር ብዙ ነገረችኝ። ከማጣሪያው እንደወጣ ያልተነካ ፉዩም በሊትር ከ130 እስከ 430 ግራም ነው የሚመዝነው፣ እንደ ላባ፣ አብዛኛው አየር ነው፣ መኪና ላይ ብትጭነው የምትከፍለው ለአየር ማመላለሻ ነው፣ ከረጢት ስትከፍት ደግሞ ቤቱ ሁሉ ጭስ ይሆናል። ስለዚህ ፋብሪካው ሳይሎ በሚባለው ትልቅ ማጠራቀሚያ ውስጥ ከታች አየር እየነፋ ያንከባልለዋል፣ ኳሶቹ እየተጋጩ ይያያዛሉ፣ ትንንሽ ጓል ይሠራሉ። ከዛ በኋላ በሊትር ከ480 እስከ 720 ይሆናል። ዴንሲፋይድ የሚሉት እሱን ነው። ከረጢቱ ላይ የተጻፈው 0.15 ማይክሮን ውሸት አይደለም፣ ግን የኳሱ ልክ ነው፣ የጓሉ አይደለም። እኔ ሚክሰር ውስጥ የምጨምረው ደግሞ ጓሉን ነው።

በነገራችን ላይ ከረጢቱን ሲከፍት ረዳቴ ሻርፕ ነው አፉ ላይ የሚያስረው፣ ተቆጣሁት። ይሄ ዱቄት ክሪስታል ስላልሆነ እንደ ኳርትዝ ብናኝ አይደለም፣ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም ክሪስታል ሲሊካን ካንሰር አምጪ ብሎ አንደኛው ምድብ ውስጥ ሲያስቀምጠው ክሪስታል ያልሆነውን ግን ሊመደብ አይችልም ብሎ ሦስተኛው ውስጥ ነው ያስቀመጠው። ቢሆንም የሲጋራ ጭስ የሚያህል ነገር በሻርፕ አይያዝም። የባሰው ደግሞ የጠነከረውን መርገጫ በደረቁ ሲፈጩት ነው፣ አሸዋው ውስጥ ኳርትዝ አለ። ከዛሬ ጀምሮ ከረጢት ሲከፈት በደንብ የሚገጥም ማጣሪያ ያለው ማስክ፣ መፍጨት ሁሌም በውሃ። ወርክሾፑ በር ላይ ጽፌ ለጠፍኩት።

ህዳር 6፣ ቅዳሜ

አምስት ኪሎ አካባቢ የኮንክሪት ላብራቶሪ (ላብ) ውስጥ የምትሠራ እህቴ የምላት ልጅ አለች፣ የ45 ማይክሮን ወንፊት አዋሰችኝ፣ "ካበላሸኸው ትከፍላለህ" ብላ። 10 ግራም መዝኜ ወንፊቱ ላይ በቧንቧ ውሃ አጠብኩት፣ የቀረውን አድርቄ ስመዝን 0.7 ግራም፣ 7 በመቶ። ኤኤስቲኤም ሲ 1240 የሚባለው የአሜሪካ ስታንዳርድ እስከ 10 በመቶ ይፈቅዳል። ስለዚህ ዱቄቱ አለፈ! በወረቀት ላይ ጤነኛ ነው።

እሷ ጋር ይሄን ስንጨቃጨቅ ቆየን። እኔ "ካለፈ ነጥቡ ከየት መጣ?" እላለሁ፣ እሷ ደግሞ "ወንፊቱ ምን እንደሚለካ እይ እንጂ" ትላለች። እውነቷን ነው። 45 ማይክሮን የአንዱ ኳስ 300 እጥፍ ነው፣ የ40 ማይክሮን ጓል ዘና ብሎ ያልፋል፣ ደግሞ የቧንቧው ውሃ በግፊት ሲመጣ ትልልቁን ጓል ይሰባብረዋል፣ ሚክሰሬ ውስጥ ግን እንደዛ የሚመታው ነገር የለም። ወንፊቱ በዋናነት የተቀመጠው ባዕድ ነገር ለመያዝ ነው። ወንፊቱ ላይ የቀረውን በማጉያ መነፅር ስናየው ሁለት ዓይነት ነው፦ በጥፍር ሲጫኑት የማይሰበር ጥቁር ሻካራ ነገር፣ ምድጃው ውስጥ ያልተቃጠለ ከሰል ወይም ኮክ ይመስለኛል፣ እና ሲጫኑት ፍርክስ የሚል ግራጫ ጓል። ሁለተኛው ነው የኔ ጠላት።

ላብ ውስጥ አንድ ማንኪያ ፉዩም አቃጠለችልኝ። የገባው ግራጫ፣ የወጣው ነጭ ማለት ይቻላል፣ 2.8 በመቶ ክብደት ጠፋ፣ እሱም ከተፈቀደው 6 በታች ነው። ግራጫነቱ ከካርቦን ነው እንጂ ከሲሊካው አይደለም። ምድጃቸው ከላይ በጣም የሚሞቅ ፋብሪካዎች ካርቦኑ እዛው ስለሚቃጠልላቸው ነጣ ያለ ፉዩም ያወጣሉ። ሲሊከን ከሚያቀልጥ ምድጃ የሚመጣው ሲሊካው ከመቶ ከ90 በላይ ይሆናል፣ ፌሮሲሊከን ከሚያቀልጠው ሲመጣ ዝቅ ይላል፣ ብረትም ይቀላቀልበታል፣ ስታንዳርዱ የሚጠይቀው ቢያንስ 85 ነው። ለነጭ ቴራዞ ለሚሠራ ሰው ይሄ የቀለም ጉዳይ ቀላል አይደለም፣ ወደፊት ስገዛ እጠይቃለሁ።

ህዳር 8፣ ሰኞ

የትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ ተውሼ 400 እጥፍ አጉልቼ አየሁ፣ ጓሉን ብቻ ነው ያየሁት። ኳሱን ማየት አይቻልም፣ ከብርሃኑ ሞገድ ራሱ ያንሳል፣ የዓይናችን ብርሃን ከ0.4 ማይክሮን ይጀምራል። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የተነሱ ፎቶዎች ላይ እንደ ወይን ዘለላ ተያይዘው ይታያሉ፣ አንዳንዱ ገና ምድጃው አናት ላይ ትኩስ እያለ ተጋጭቶ የተበየደ ነው፣ እሱን ምንም ዓይነት ማዋሃድ አይለየውም። የሚለየው በኋላ ሳይሎ ውስጥ የተያያዘው ነው። መብራት ጠፋ፣ በቃ ዛሬ ይሄው ነው።

ህዳር 10፣ ረቡዕ

ዛሬ በጣም ጥሩ ቀን ነበር። ወርቅ የሚሠሩ ጋሼ አሉ፣ ሱቃቸው ከኛ ብዙ አይርቅም፣ ቀለበትና ሐብል የሚያጥቡበት አልትራሳውንድ ገንዳ አላቸው፣ በድምፅ ሞገድ ውሃውን አንቀጥቅጦ ከጌጡ ጉድጓድ ውስጥ እድፍ የሚያወጣው። ጠዋት ደንበኛ ሳይበዛ ሄጄ ለመንኳቸው። "ወርቅ ነው ወይስ ሲሚንቶ የምታጥበው?" አሉኝ፣ አስረዳኋቸው፣ "ጠርሙሱ ከተዘጋ ምን ገዶኝ" አሉና ፈቀዱ።

ሦስት ተመሳሳይ የማር ጠርሙስ፣ በእያንዳንዱ 5 ግራም ፉዩም እና ውሃ እስከ 10 ሳንቲም ከፍታ። አንደኛውን በእጄ ለ2 ደቂቃ በጥበጥኩት፣ ሁለተኛውን ድሪል ላይ በተገጠመ መምቻ ለ10 ደቂቃ፣ ሦስተኛውን ጋሼ ገንዳ ውስጥ 15 ደቂቃ። ከዛ ሁሉንም እኩል አስቀምጬ ሰዓት ያዝኩ።

ሐሳቡ ይሄ ነው፣ ቅንጣት ውሃ ውስጥ የሚሰምጥበት ፍጥነት በዲያሜትሩ ካሬ ይወሰናል፣ ይሄ የስቶክስ ሕግ የሚባለው ነው። የሲሊካ ፉዩም ክብደት ከውሃ 2.2 እጥፍ ነው። 20 ማይክሮን የሆነ ቅንጣት 10 ሳንቲም ለመስመጥ 6 ደቂቃ ተኩል ገደማ ይበቃዋል። 0.15 ማይክሮን የሆነው ግን በቀን ከአንድ ሚሊ ብዙም አይበልጥም የሚወርደው፣ 10 ሳንቲሙን ለመጨረስ ከሁለት ወር በላይ! እና ጠርሙሱ ራሱ ወንፊት ሆነ ማለት ነው፣ 6 ደቂቃ ተኩል ጠብቄ ከላይ ያለውን ቀስ ብዬ ወደ ሌላ ጠርሙስ ገልብጬ ከታች የቀረውን አድርቄ ብመዝን ከ20 ማይክሮን በላይ የሆነውን በግምት አገኛለሁ። ጓል ውስጡ ውሃ ስለሚይዝ ከጠጣር ኳስ ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው፣ ስለዚህ ቁጥሩ ግምት ነው፣ ለማወዳደር ግን ይበቃኛል።

በእጅ የተበጠበጠው፦ ከ5 ግራሙ 3.1 ከታች። በድሪል፦ 2.2። በአልትራሳውንድ፦ 0.9።

ሁለቴ መዘንኩት አላመንኩም ነበር። ያው ዱቄት፣ ያው ከረጢት፣ ልዩነቱ አበጣበጡ ብቻ ነው። እስከዛሬ ካዘዝኩት ፉዩም ግማሽ በላዩን እንደ አሸዋ ነው የተጠቀምኩበት ማለት ነው፣ እንደውም ከአሸዋ ይብሳል፣ ምክንያቱም አሸዋ ጠንካራ ነው። ትልቅ ጓል ደግሞ ከሲሚንቶው አልካሊ ጋር ተገናኝቶ ከጊዜ በኋላ ሊያብጥና ኮንክሪቱን ሊሰነጥቅ ይችላል፣ ልክ እንደ መጥፎ ጠጠር። እትዬ ደረጃ ላይ ይሄ ከሦስት ዓመት በኋላ ቢወጣ ምን ይውጠኝ ነበር።

ከመሄዴ በፊት ጋሼ ሦስተኛውን ጠርሙስ በጌጥ ማያ ባትሪያቸው በጎን አበሩበት። ከጎን ሲያዩት ሰማያዊ ቢጤ፣ ከፊት ለፊት ሲያዩት መብራቱ ብርቱካናማ ሆኖ ነው የሚታየው። የመጀመሪያው ጠርሙስ ላይ ግን ይሄ ደብዛዛ ነው፣ እንደ ደፈረሰ ውሃ ብቻ። "ይሄማ ጭስ ነው" አሉ ጋሼ።

ህዳር 12፣ ዓርብ

ዛሬ ህዳር ሲታጠን ነው። እንደ ድሮው ባይሆንም ማለዳ ከየጓሮው ጭስ ይነሳ ነበር፣ ጎረቤታችን ያሉ እናት የተጠራቀመ ቅጠልና ካርቶን ግቢያቸው በር ላይ አቃጠሉ፣ በ1911 በህዳር በሽታ ላለቀው ሰው መታሰቢያ ነው ይሄ፣ አያቴም ሁሌ ትነግረን ነበር።

ቆሜ ሳየው ጭሱ ከእሳቱ ሲነሳ ጀርባው ጥቁር ግድግዳ ባለበት በኩል ሰማያዊ ነው፣ ከፍ ብሎ ፀሐይ ከጀርባው ስትሆን ቡናማ ይሆናል። ልክ የጋሼ ጠርሙስ! ከብርሃን ሞገድ ያነሰ ቅንጣት አጭሩን ሰማያዊ ሞገድ ወደ ጎን ይበትናል፣ ቀዩ ቀጥ ብሎ ያልፋል። እርጥብ ቅጠል ሲጨመርበት ግን ነጭ ወፍራም ጭስ ሆነ፣ ያ የውሃ ጠብታ ነው፣ ትልቅ ስለሆነ ሁሉንም ቀለም እኩል ይበትናል። ከዚህ በኋላ ማበጣበጤ በቂ መሆኑን ለማየት ላብ አያስፈልገኝም፣ ጠብታ ወስጄ ብዙ ውሃ ውስጥ አቅጥኜ ባትሪ አበራበታለሁ፣ ሰማያዊ ካልሰጠኝ ገና ነው።

ህዳር 15፣ ሰኞ

የነቢያት ጾም ገባ። ምሳ ሽሮ በላን፣ ምግብ ቤቷን የያዙት እትዬ ሽሮውን ሲሠሩ ከምንቀመጥበት ይታያል፣ የፈላ ውሃ ላይ ዱቄቱን እንዲሁ አይዘረግፉትም፣ ይጓጉላል፣ ቀድመው በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠው ነው የሚያገቡት። ረዳቴ "ጋሼ እኛም ሽሮ ነው ያጓጎልነው" አለኝ። ትክክል ነው።

ከሰዓት አንድ ነገር ሞከርኩ። ከሦስተኛው ጠርሙስ ትንሽ በብርጭቆ ቀዳሁና ኖራ የተዘፈዘፈበት የጠራ ውሃ ጠብ ጠብ አደረግኩበት። በደቂቃ ውስጥ በረዶ እንደሚጥል ሁሉ ጓል ጓል እያለ ተያያዘና ወረደ፣ ከላይ ውሃው ጠራ። አልትራሳውንድ ያደረገውን ሁሉ ኖራው አፈረሰው። ሲሚንቶ ውሃ እንደነካው ኖራ ስለሚለቅ ሚክሰር ውስጥም የሚሆነው ይሄው ነው። ሁለተኛ ብርጭቆ ላይ ቀድሜ ሁለት ጠብታ ሱፐርፕላስቲሳይዘር (ውሃ ሳይጨመር ድብልቁን የሚያቀጥን ኬሚካል) ጨመርኩና ደገምኩት፣ ደፍርሶ ቆየ፣ የወረደው በጣም ጥቂት ነው። ስለዚህ ፉዩሙ ከሲሚንቶው ጋር ከመገናኘቱ በፊት መፈታትም አለበት፣ ሱፐርፕላስቲሳይዘሩንም ልብሱ አድርጎ መግባት አለበት። ይሄን ማንም አልነገረኝም፣ በብርጭቆ ነው ያየሁት።

ህዳር 17፣ ረቡዕ

የጋሼ ገንዳ ሁለት ሊትር ነው የሚይዘው፣ ለ38 መርገጫ አይሆንም። ስለዚህ ሚክሰሩን ራሱን መጠቀም አለብኝ። አራት ዓይነት ትንሽ ካስት ሠራን፣ ሁሉም አንድ ዓይነት መጠን፣ ኦፒሲ የሚባለው ተራ ፖርትላንድ ሲሚንቶ (ፒፒሲ የሚባለው ውስጥ ድሮም የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስላለበት ኖራውን ቀድሞ ይሻማል)፣ የታጠበ የሞጆ አሸዋ፣ እስከ 10 ሚሊ የማርብል ጠጠር። የሚለየው ቅደም ተከተሉ ብቻ ነው።

አንደኛው እንደ ድሮው፣ ሁሉንም አንድ ላይ። ሁለተኛው ጠጠር፣ አሸዋ፣ ፉዩምና ግማሽ ውሃ ቀድሞ 5 ደቂቃ ዞሮ ከዛ ሲሚንቶ። ሦስተኛው ፉዩሙ ከውሃውና ከሱፐርፕላስቲሳይዘሩ ግማሽ ጋር በድሪል 10 ደቂቃ ተመትቶ። አራተኛው እንደ ሦስተኛው ተመትቶ ያደረ፣ ጠዋት ከጠጠርና አሸዋ ጋር 5 ደቂቃ ዞሮ በመጨረሻ ሲሚንቶ።

አራተኛው ሊያስደነግጠኝ ነበር፣ ጠዋት ባልዲውን ስከፍት እንደ ገንፎ ረግቷል። መድፋት ጀምሬ ነበር፣ ረዳቴ በድሪሉ መታ ሲያደርገው ተመልሶ ውሃ ሆነ። ቆሞ ይረጋል፣ ሲነካ ይፈታል፣ ባህሪው ነው፣ ሰው ቢያይ እንዳይደፋው።

ህዳር 20፣ ቅዳሜ

ፊታቸውን አለሰለስንና በዚያው 10 በ10 ካሬ ቆጠርን። አንደኛው 39። ሁለተኛው 9። ሦስተኛው 6። አራተኛው አንድ፣ እሷም ጥርጣሬ አለኝ፣ በመርፌ ስነካት ጠንካራ ናት፣ ኮክ ሳትሆን አትቀርም።

የገረመኝ ሁለተኛው ነው። ድሪል የለ፣ ማደር የለ፣ ጠጠሩ ብቻ እየተንከባለለ ጓሉን ፈጭቶ ከ39 ወደ 9 አወረደው። ጠጠር የሌለው ቀጭን ሞርታር የሚሠሩ ሰዎች ዴንሲፋይድ ፉዩም ለምን እንደሚያስቸግራቸው አሁን ገባኝ፣ የሚፈጭላቸው ነገር የለም።

ህዳር 22፣ ሰኞ

ተናደድኩ ዛሬ። በአራተኛው ዘዴ ሦስት እውነተኛ መርገጫ ካስት አድርገን ፊታቸውን አስተካክለን ቡና ልንጠጣ ወጣን፣ አርባ ደቂቃ አልቆየንም፣ ስንመለስ ሦስቱም ፊታቸው ላይ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ በስንጥቅ። የህዳር ፀሐይና ደረቅ ነፋስ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ በደንብ የተበተነ ፉዩም ውሃውን ሁሉ ይይዘዋል፣ በተለመደ ኮንክሪት ላይ የምናያት ከላይ የምትንሳፈፍ ውሃ የለችም፣ ስለዚህ ፊቱ ሲደርቅ ከታች የሚተካ የለም። ድሮ ጓል ስለነበረ ይሄ ችግር አልታየኝም። በደንብ ስሠራ ነው የመጣው።

ከሰዓት ሌላ ሦስት ካስት አደረግን፣ ፊቱ እንደተስተካከለ ወዲያው በመርጫ ጉም የመሰለ ውሃ ነፍተን በፕላስቲክ ሸፈንን፣ ጫፉን በጣውላ ጫንን። አንድም ሰው ሳይቀመጥ።

ህዳር 23፣ ማክሰኞ

ፕላስቲኩን ገልጬ አየሁ፣ ንጹህ። አንድም መስመር የለም።

ታህሳስ 1፣ ረቡዕ

ከህዳር 17ቱ ካስት ከአንደኛውና ከአራተኛው የ5 ሳንቲም ኩቦች ነበሩ፣ 14 ቀናቸውን ዛሬ ደፈኑ። ላብ ያለችው ልጅ ሰበረችልኝ፣ አራተኛው ከአንደኛው አንድ አምስተኛ ያህል በልጦ ነው የተሰበረው፣ ሦስቱም ኩብ። ያው ሲሚንቶ፣ ያው ፉዩም፣ ያው ዋጋ። የተሰበረውን ፊት አሳየችኝ፣ የአንደኛው ስብራት ጠጠሩን እየዞረ ነው የሄደው፣ የአራተኛው ጠጠሩን ራሱን ሰንጥቆ አልፏል። እቺን ስባሪ ይዤ መጥቼ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጥኳት።

እትዬ ጋር ሄጄ አሮጌዎቹን ስድስት ለምን እንደጣልኩ በነጥቦቹ አሳየኋቸው፣ መርፌውንም ሰጥቼ እንዲነኩት አደረግኩ። ዝም ብለው ብዙ ቆፈሩት። "እና አዲሱ አይገባም?" አሉኝ። አዲሱን ሰጠኋቸው፣ ሞከሩ፣ መርፌው ተጣመመ። ቡና አፈሉልኝ።

ታህሳስ 11፣ ቅዳሜ

27 መርገጫ አልቋል፣ 11 ይቀራል። አዲስ ከረጢት ዛሬ መጣ፣ ከሌላ አስመጪ ነው፣ ሳንከፍተው ረዳቴ ማስኩን አድርጎ ጣሳውን ይዞ ቆሞ ነበር። 560 ግራም በሊትር፣ ቀለሙም ከበፊቱ ነጣ ይላል። ጓሉ የላላ ሳይሆን አይቀርም፣ ግን ጠርሙሱና ባትሪው እስኪነግሩኝ ድረስ ያው የድሮው ቅደም ተከተል ነው የሚሠራው። ዛሬ ማታ ባልዲ ውስጥ ተመትቶ ያድራል።

መደርደሪያው ላይ ያሉት ሁለት ጠርሙሶች ከህዳር 15 ወዲህ አልተነኩም። በእጅ ተበጥብጦ የተረፈው ከላይ ጠርቷል፣ የጋሼው ገና ግራጫ ነው፣ ከላይ ሦስት ሳንቲም ብቻ ነው የሳሳው።

ሰኞ 4 መርገጫ ካስት።